ክሬዲት በማን መዝገብ?

«ክሬዲት» የሚለው ቃል በንግድ ሥራ ላይ አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። ዱቤ ነው፤ የሒሳብ መዝገብ የቀኝ ዓምድ ነው፤ የባንክ የክፍያ ግዴታ ነው፤ ከሚከፈል ታክስ ላይ የሚቀናነስ ገንዘብም ነው። በአዲስ ከተማ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ በሚገኙ የጅምላ መደብሮች አራቱም በአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

በጣም የሚዘወተረው ዱቤው ነው። ከክልል የመጣ ቸርቻሪ ከአውቶቡስ ወርዶ ዕቃውን ይመርጣል፤ የተወሰነውን ከፍሎ «ቀሪውን ክሬዲት ያዙልኝ» ይላል፤ ዕቃውን አስጭኖ ይመለሳል። መያዣው ትውውቅ ነው፤ ትውውቁ ገና ከሆነ ደግሞ ወደፊት የሚውል ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። ነገር ግን በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። የተጻፈው ቀን ገና ቢሆንም አምጪው ባንክ ይዞት ሊቀርብ ይችላል፤ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ቼክ የዱቤ ቀጠሮ ማስያዣ አይደለም።

ሁለተኛው ትርጉም የመዝገብ ነው። ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ባብራራው የሁለትዮሽ አመዘጋገብ መሠረት፣ እያንዳንዱ ግብይት በግራ ዴቢት፣ በቀኝ ክሬዲት ሆኖ እኩል ይመዘገባል። ቫትን ሳይጨምር የ80,000 ብር ሽያጭ ተደረገ እንበል፤ 50,000ው በባንክ ገባ፣ 30,000ው በዱቤ ተያዘ። የሻጩ መዝገብ ባንክን 50,000 ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሒሳብን 30,000 ዴቢት፣ ሽያጭን 80,000 ክሬዲት ያደርጋል። ሱቁ ውስጥ «ክሬዲት» የተባለው 30,000 ብር በሻጩ መዝገብ ዴቢት ሆኖ ተቀመጠ፤ ክሬዲት የሚሆነው በገዢው ተከፋይ ሒሳብ ላይ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው የባንኩ መልእክት ስልክ ላይ ሲደርስ ነው። መልእክቱ ሒሳቡ 50,000 ብር «ክሬዲት» መደረጉን ይናገራል፤ የነጋዴው መዝገብ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ዴቢት ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ደንበኛው ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ፣ ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ ነው። የባንክ መግለጫን ዴቢቱን ወደ ክሬዲት፣ ክሬዲቱን ወደ ዴቢት ሳይለውጥ እንዳለ ወደ መዝገቡ የሚገለብጥ ጀማሪ ገቢውን ወጪ፣ ወጪውን ገቢ ያደርገዋል።

ሦስተኛው አስመጪዎች ኤልሲ (ሌተር ኦፍ ክሬዲት) የሚሉት ነው። ባንኩ በአስመጪው ጥያቄ፣ የተባሉት ሰነዶች ተሟልተው ከቀረቡ ለውጭው ሻጭ እንደሚከፍል ግዴታ ይገባል። ባንክ የሚመረምረው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ጥራቱ የወረደ ጨርቅ ቢገኝ፣ ሰነዱ እስከተሟላ ድረስ ክፍያው ይፈጸማል፤ ክርክሩ ከሻጩ ጋር ነው።

አራተኛው የቫት ነው። የተመዘገበ ነጋዴ ዕቃ በ100,000 ብር ሲገዛ 15 በመቶ፣ ማለትም 15,000 ብር ቫት ይከፍላል። ያንኑ ዕቃ በ120,000 ሲሸጥ 18,000 ይሰበስባል፤ የከፈለውን አቀናንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው 3,000 ብር ብቻ ነው። ማቀናነስ የሚቻለው ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ሲኖር ነው። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ በርካሽ የተገኘ ይመስላል እንጂ፣ ሲሸጥ 18,000ው ሙሉ በሙሉ ይከፈልበታል። በ2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሱቆች በደረሰኝ ቁጥጥር ሳቢያ በተዘጉበት ወቅት ከጭቅጭቁ ሥር ይኸው ስሌትም ነበር፤ ቸርቻሪው ደረሰኝ ማግኘት የሚችለው ጅምላ ሻጩ ሲቆርጥለት ብቻ ነውና።

ከእነዚህ ሌላ ቃሉ ብድርንም ይጠራል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. የጀመራቸው «መላ» እና «እንደኪሴ» የዚህ ዓይነት ናቸው። ባንኮችም ከማበደራቸው በፊት የተበዳሪውን የቀድሞ አከፋፈል በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ያጣራሉ።

እንግዲህ «ክሬዲት» የሚል ወረቀት ወይም መልእክት ሲደርስ፣ ከመፈረምም ሆነ ከመመዝገብ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ መዝገቡ የማን ነው? ከፋዩስ ማን ነው?