ተጨማሪ መረጃ፦ አርጉመንትን በስሙ መላክ

የላሊበላን በዓላት የሚመዘግብ፣ መጀመሪያ ወርን ቀጥሎ ቀንን የሚቀበል የፒኤችፒ ፈንክሽን አለን እንበል። ጥምቀት ጥር 11 ነውና እንዲህ እንጠራዋለን፦

በዓል(5, 11);

ቁጥሮቹ ቢቀያየሩ ፒኤችፒ ሳይቃወም ጥምቀትን ወደ ሐምሌ 5፣ ወደ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይወስደዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒኤችፒ 8.0 ግን አርጉመንትን በስሙ መላክን ፈቀደ፦

በዓል(ቀን: 11, ወር: 5);

አሁን ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም።

ልብ እንበል፦
• ሁለቱ አጠራሮች ሲቀላቀሉ ስም የሌላቸው አርጉመንቶች ይቀድማሉ።
• ፈንክሽኑ የማያውቀው ስም ከተጻፈ ስህተት ይፈጠራል።
• ፒኤችፒ የአማርኛ ስያሜ ይቀበላል፤ ከስሙ በኋላ የሚገባው ግን : እንጂ የግዕዙ ፡ አይደለም።
• የፓራሜትር ስም ሲቀየር በድሮው ስም የሚጠሩት ኮዶች ሁሉ ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ስሙን ከመነሻው በጥንቃቄ እንምረጥ።