የደረት ሕመምና የሐኪም ቢላዋ

የእንጦጦን ተራራ ወደ ሰሜን ሲሻገሩ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ ይገኛሉ። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ብርዳቸውና ጢሳቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። በተለይም በክረምት ወራት ደጃፉ ተዘግቶ፣ እንጨትና ኩበት እየነደደ፣ ሕፃንና ሽማግሌ አንድ ምድጃ ከብበው ሲቀመጡ፣ ሳል የሌለበት ቤት ማግኘት ያዳግታል። አብዛኛው ሳል በጥቂት ቀን ይድናል። በዛሬው ጽሑፋችን ልንናገርለት የፈለግነው ግን ከመድኃኒት አልፎ የሐኪም ቢላዋ ስለሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው።

አስቀድመን ስለ ሕፃናት እንናገር። ቆሎ ከቤታችን የማይጠፋ ነው። አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን እየሣቀ ወይም እየሮጠ ሲበላ አንዲት ሽምብራ መንገድ ስታ ወደ አየር ቧንቧ ትገባለች። ሕፃኑን ወዲያው ትን ይለዋል፤ ያስለዋል፤ ፊቱ ይጠቁራል። ጥቂት ቆይቶ ሳሉ ጸጥ ሲል እናቲቱ «ተመስገን፤ ዋጠው» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ክፉው ጊዜ ይህ ጸጥታ ነው። ሽምብራዪቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኙ የሳንባ ቧንቧ ትወርዳለች፤ ቀኙ ከግራው ይልቅ ሰፊና ቀጥ ያለ ነውና። በዚያም እርጥበት ጠጥታ ታብጣለች፤ ቧንቧውን ትደፍናለች፤ ከእርስዋ በታች ያለው ሳንባ መመገል ይጀምራል። ከሳምንታት በኋላ ሳልና ትኩሳት ሲመለስ የሽምብራዪቱን ነገር የሚያስታውስ የለም። አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው እንጥሉ ወርዷል ብሎ ያስቈርጠዋል። (እንጥል መቍረጥ ደም ከማፍሰስና ቍስል ከማመርቀዝ በቀር ለሳል ያደረገው በጎ ነገር እንዳለ እኛ አልሰማንም።) ሐኪም ዘንድ ከደረሰም በኋላ የአስም ወይም የነቀርሳ መድኃኒት ሲወስድ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የራጅ ፎቶግራፍ እህልን ለይቶ አያሳይምና፣ ለሐኪሙ ከራጁ ይልቅ የሚረዳው «ያን ቀን ቆሎ ሲበላ ትን ብሎት ነበር» የሚለው የእናት ቃል ነው።

በ1897 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ጉስታቭ ኪሊያን የተባለ ሐኪም ቀጥ ያለ ቱቦ በአንድ ገበሬ አፍ አስገብቶ ከሳንባው ቧንቧ የዐሣማ አጥንት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥበብ ስፍር ቍጥር የሌላቸውን ሕፃናት ደረታቸው ሳይቀደድ አድኗል። ዛሬም ሕፃኑ በማደንዘዣ ተኝቶ በቱቦው ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን መያዣ ሽምብራዪቱ ትወጣለታለች። እጅግ የዘገየ እንደ ሆነ ግን የተበላሸው የሳንባ ክፍል ተቈርጦ እስከ መውጣት ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው በደረት ውስጥ የሚጠራቀም መግል ነው። ይህ መግል ከሳንባ ምች ወይም ከነቀርሳ ተነሥቶ በሳንባውና በጎድን አጥንቱ መካከል ይሞላል። ጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ሂፖክራቲስ ይህን ሕመም ያውቀው ነበር፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ቀዶ መግሉን ስለ ማፍሰስም ጽፎለታል። ነገር ግን ደረትን መክፈት እባጭን እንደ መብጣት አይደለም፤ አየር ከውጭ ገብቶ ሳንባውን ያኰማትረዋልና። በ1918 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ሳንባቸው ታምሞ መግል የያዙ ወታደሮች ደረታቸው ቶሎ እየተከፈተ ከመቶው ሠላሳ ያህሉ ሞቱ። ኤቫርትስ ግሬም የተባለው ሐኪም የነበረበት ጉባኤ ነገሩን መርምሮ፣ መግሉ እስኪወፍር ድረስ ደረቱ እንዳይከፈትና አየር በማያስገባ መንገድ እንዲቀዳ ቢያዝ፣ የሟቾቹ ቍጥር ከመቶው ከአምስት በታች ወረደ። ለእኛ ከሁሉ የሚደንቀን ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የዳነው ቢላዋው በመዘግየቱ ነው።

አየር የማያስገባው መንገድም እጅግ ቀላል ነው። የሐምቡርጉ ሐኪም ጎትሃርድ ቡላው በ1891 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ እንዳስታወቀው፣ በጎድን መካከል የገባው ቱቦ ጫፉ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ይጠለቃል። ሕመምተኛው ሲያስል አየሩና መግሉ ይወጣሉ፤ ሲተነፍስ ውኃው በቱቦው ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ አየር ተመልሶ አይገባም። ዛሬም በሆስፒታሎቻችን ከአልጋው ሥር የሚታየው ጠርሙስ ይኸው ነው። ሕመምተኛው ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዛወር ከሰበታ ወይም ከቡራዩ በሚያመጣው መንገድ ዘመድ ጠርሙሱን ለጥንቃቄ ብሎ በጭኑ ላይ ወይም ከፍ አድርጎ ይይዘው ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው፤ ጠርሙሱ ከደረት በላይ ከተነሣ ውኃው ወደ ደረት ይመለሳል። ቱቦውን በገዛ እጅ ማሰርም፣ አየር የሚወጣው ሕመምተኛ ከሆነ፣ አደጋ ነው።

መግሉ ለሳምንታት ሳይቀዳ ከቀረ በሳንባው ላይ ወፍራም ልጣጭ ያበጃል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ደረቱን ከፍቶ ልጣጩን እንደ ብርቱካን ይልጣል። ሥራው ረጅም ሰዓትና ብዙ ደም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ደም የሚለግስ ዘመድ አብሮ ቢመጣ መልካም ነው። እንዲህ ያለው ከባድ ሥራ ከሚሠራባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ዋነኛው በአዲስ አበባ ያለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው።

ነቀርሳን በሚመለከት ጥቂት ቃል ይበቃናል። በ1943 እ.ኤ.አ. ስትሬፕቶማይሲን ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች የጎድን አጥንት እያወጡ ሳንባውን ያሳርፉት ነበር፤ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ ቢላዋ የሚያስፈልገው ሳንባው ከተበላሸ ወይም ደም መትፋቱ አልቆም ካለ ነው። በእንጦጦ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ኖሯል፤ ከእርሱ ሳይርቅም የእንጦጦ ማርያም ጠበል አለ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መተው አለበት የሚል ሐሳብ ብዙዎችን ጐድቷል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ የመከሩት ለነቀርሳም የሚሠራ ነው።

በመጨረሻ ከበዓል በግ ጋር ስለሚመጣው ሕመም እናንሣ። በግ ታርዶ ሳንባውና ጉበቱ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ለውሻ ይጣላል። ውሻው በልቶ በአንጀቱ ትል ያፈራል፤ የትሉም እንቍላል ከውሻው ዐይነ ምድር ወጥቶ በሕፃን እጅ ወይም በጓሮ ጎመን ላይ ሆኖ ወደ ሰው ይገባል። ከዓመታት በኋላም በሰው ሳንባ ውስጥ እንደዚያው ያለ የውኃ ከረጢት ይገኛል፤ አንዳንዱ የሕፃን ራስ ያህላል። ሐኪሙ ዙሪያውን በመድኃኒት በተነከረ ጨርቅ ከብቦ በጥንቃቄ ያወጣዋል፤ በደረት ውስጥ ቢፈነዳ ሕመምተኛውን በድንገት ሊገድል፣ ወይም ዘሩን በሌላ ቦታ ሊበትን ይችላልና። ከዚያም ወደ ከረጢቱ የተከፈቱትን የአየር ቧንቧዎች አንድ በአንድ ይሰፋል። እንዲህ ያለው የበግ ሳንባ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ደረቱ የተከፈተለት ሰው ሲነቃ ከሕመሙ የተነሣ ማሳልና መተንፈስ ይፈራል፤ ዘመዶቹም አዝነው «አርፈህ ተኛ» ይሉታል። ሐኪሞቹ ግን በማግሥቱ ከአልጋው ያስነሡታል። ትራስ በቍስሉ ላይ ደግፎ እንዲያስልና በጥልቅ እንዲተነፍስ ያዝዙታል፤ ሳንባው የሚነፋው በዚህ ነውና። ወደ ሱሉልታ የሚመለስ ከሆነ አየሩ ስስ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገቱን በየጥቂት እርምጃው እያረፈ ይውጣ።