ተጨማሪ መረጃ፦ ሾፌሩና ቲኬት ቆራጩ

ተማሪዎች ሆይ፣ እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊትና እንደ ልብ ሕመም ያለው፣ በዝግታ ጀምሮ ከሰው ሥጋ ጋር ረጅም ዘመን የሚኖር ደዌ «ሥር የሰደደ በሽታ» ይባላል።

ጀርሚ ሞሪስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ከእነዚህ ስለ አንዱ፣ ስለ ልብ ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ምርምር፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች የሚሠሩትን ሰዎች ቢያነጻጽር፣ መሪ ጨብጦ ተቀምጦ ከሚውለው ሾፌር ይልቅ፣ ቲኬት እየቆረጠ በጠባቡ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ባልንጀራው በልብ ደም ሥር ሕመም የሚያዘው ባነሰ መጠን ሆኖ አገኘው። ምናልባት ሾፌሮቹ ቀድሞውንም ወፍራሞች ኖረው እንደ ሆነስ? ሞሪስ ይህን ጥያቄ ሳይንቅ (የሊቅ ወጉም ይኸው ነው) የሁለቱንም ወገን የደንብ ልብስ ልክ አስመጥቶ የሱሪያቸውን ወገብ መረመረ፤ የሾፌሮቹ በእርግጥ ሰፋ ብሎ ቢገኝም፣ ቲኬት ቆራጮቹ ቀጭንም ሆኑ ወፍራም ከሕመሙ በተሻለ ተጠብቀው ተገኙ። የወገብ ነገር ግን ወደ ገበታ ይወስደናልና፣ ጨውና ቅባትን መጥኖ፣ ጎመንና ጥራጥሬን አብዝቶ መመገብም አይዘንጋ።

እንቅስቃሴ የልብን ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት፣ እናንተም የእጃችሁን አንጓ በሁለት ጣት ይዛችሁ የልብ ትርታችሁን ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ፤ ደረጃ 3 ጊዜ ወጥታችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ደግማችሁ ቁጠሩና፣ በስንት ደቂቃ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ በደብተራችሁ መዝግቡ።