በሐዋሳ ሐይቅ ግድብ ላይ በእግር

ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ ሐይቁን ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ፣ ሆቴል በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ፣ ወይም የዓሣ ጥብስ ቀርቦለት። ክፋት የለውም። ሐይቁ በደንብ የሚታወቀው ግን በእግር ነው። እኔ በዚህች ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ማለዳ ክፍል ከመግባቴ በፊት የምሄድበት መንገድ በሐይቁ ዳር የተዘረጋው ግድብ ነው። ስለ እሱ የምጽፈው ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማንም ሰው ሳይከፍልና ሳይፈተሽ ውኃው አጠገብ የሚደርስበት ቦታ እየጠበበ ስለመጣ ነው።

ግድቡ ለሽርሽር ተብሎ አልተሠራም። የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። ከምሥራቅ ከፍታዎች፣ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርደው ውኃ በጨለለቃ ረግረግ ይሰበሰብና በጥቁር ውኃ ወንዝ አድርጎ ሐይቁ ይገባል። ከዚያ ወይ ይተናል፣ ወይ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ዝናቡ በበረታባቸው ዓመታት ግን ውኃው መሄጃ ያጣና ወደ ከተማዋ ይሰፋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ከፍ ብሎ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ነበር። ከተማዋን ከእንዲህ ያለው ሙላት ለመጠበቅ አፈርና ድንጋይ ተቆልሎ የቆመው ግድብ ነው ዛሬ ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ ሯጩ ላቡን እየጠረገ፣ አዛውንቱ ከዘራውን ይዘው የሚመላለሱበት።

ለአዲስ ሰው መነሻው ቀላል ነው። ፒያሳ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን ሰፊ ጎዳና መያዝ ነው። ጎዳናው ሳይታጠፍ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ስፍራ ያደርሳል። ቀጥ ያለ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ዘመን፣ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ፍቅር ሐይቅ ሲደርሱ ወደ ግራ ታጥፎ ግድቡ ላይ መውጣት፤ ከዚያ ሐይቁን በቀኝ፣ ከተማዋን በግራ አድርጎ ዓሣ አጥማጆች ወደሚያርፉበት ወደ አሞራ ገደል መሄድ ነው። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሕፃን ያዘለችም እናት፣ ጉልበቱን የሚያመውም ሰው አይቸገርበትም።

እኔ የምመርጠው ማለዳውን ነው። ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ትወጣለች። ብርሃኗ ዓይን አይወጋም፤ ውኃው ላይ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል፤ ማለዳ ግን ጸጥ ያለ ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከማዶ ተራሮች ጀርባ ስትገባ ማየት የሚፈልገው ብዙ ነውና ግድቡ በሰው ይሞላል፤ ፍቅረኞችም፣ ፎቶ አንሺዎችም፣ ቆሎ አዟሪዎችም የሚሰበሰቡት ያን ጊዜ ነው።

በግድቡና በክፍቱ ውኃ መካከል ፊላና ቄጠማ የበቀለበት እርጥብ መሬት አለ። አላፊ አግዳሚው አረም ነው ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን የመንገዱ ዋና ሀብት እሱ ነው። ዓሣ የሚራባው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከከተማው በጎርፍ የሚመጣውን ደለል የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ወፎቹም የሚኖሩት እዚያው ነው። ቆም ብሎ ዝም ላለ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ዓሣ አጥማጁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። ከውኃው በላይ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ ድንገት እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ከዛፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። ፔሊካኖች በቡድን ይንሳፈፋሉ። በዳርቻው ካሉት ትልልቅ የሾላና የዋርካ ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ረጅም ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ከጦጣዎቹ ግን ምግብን መሸሸግ ይበጃል፤ ሙዝ በእጅ ይዞ መሄድ እነሱን መጥራት ነው።

አሞራ ገደል የሚደርሱት ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ መረባቸውን ሰብስበው ሲመለሱ ከሆነ ቦታው በሕይወት የተሞላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም አይጠፉም። ጎረምሶች ዓሣውን በፍጥነት እየገፈፉ ፊሌቶ ያወጣሉ፤ አባ ኮዳዎች ከሰው እኩል ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፣ ሾርባውን የሚጠጣ አለ፣ ጥብሱን የሚያዝ አለ። ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ወጣት እዚያ መረብ ሲጠግን አገኘዋለሁ። «ቲቸር፣ ዓሣው ትንንሽ እየሆነ ነው» አለኝ በቅርቡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የመረቡን ዓይን ጥበት በጣቱ አሳየኝ። ያልደረሰውን ጭምር የሚይዝ መረብ በዛ ማለቱ ነው።

አቅም ያለው ሰው ከዚህ ወደ ታቦር ተራራ ቢወጣ እመክራለሁ። ተራራው ሐይቁን ተጠግቶ ከተማው ውስጥ የቆመ ነው፤ ረጅም አይደለም፤ ከላይ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ፣ የከተማዋ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ በደቡብ የአላሙራ ተራራ፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢ ኮረብታዎች። ተማሪዎቼን እዚያ ሳወጣቸው ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንዳሉ ያስተውላሉ። ትክክል ናቸው፤ ሐይቁ የተኛው በጥንት ዘመን ፈንድቶ በሰመጠ እሳተ ገሞራ ወለል ላይ ነው። በመጽሐፍ ስዕል ለማስረዳት የሚያደክመኝን ነገር አንዲት ዳገት ትጨርሰዋለች።

ሁለት ጥንቃቄዎች ሳልናገር አላልፍም። የመጀመሪያው ጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። ስለዚህ ጨለማ ሳይገፈፍ በዳርቻው ሣር ውስጥ መግባት አይገባም፤ ከሁሉ የከፋው በእሱና በውኃው መካከል መገኘት ነው። ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በዚህ ሐይቅ ዳርቻ መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል፤ በሣር በተሸፈነው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መንቦጫረቅ ለልጆችም ለአዋቂዎችም አይመከርም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በሐይቁ ዳርቻ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይርቅ አጥር ያጋጥመዋል። እዚህ መዝናኛ፣ እዚያ ሎጅ፣ ወዲያ ገና ያልተሠራበት የታጠረ ቦታ። እግረኛው ወደ አስፋልት ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ሐይቁን እንደገና የሚያገኘው ከአጥሩ ማዶ ነው። ሆቴሎቹ ለከተማዋ እንጀራ ናቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውኃ ሀብት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ንብረት ነው ይላል። ውኃው የሁሉም ከሆነ መድረሻውም የሁሉም መሆን አለበት። ስዊድን በባሕርና በሐይቆቿ ዳር 100 ሜትር ያህል መሬት በሕግ ጠብቃ ይዛለች፤ እዚያ ላይ የሰውን መተላለፊያ የሚዘጋ ግንባታ ያለ ልዩ ፈቃድ አይቆምም። ከእኛ 100 ሜትር አልጠይቅም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚሄዱበት፣ በየትኛውም ድርጅት ፊት ለፊት የማይቋረጥ መንገድ ግን የሚቻል ነው። ሆቴሉም አይከስርም፤ እንዲያውም እግረኛው ደክሞት ቡና ሊጠጣ የሚገባው እዚያው ነው።

ዳርቻው የሁሉም መሆኑ ለዚህች ከተማ አዲስ አሳብ አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሐይቁ ዳር ባለው በጉዱማሌ ነው። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ሕፃናት፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይገባል። ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ስፍራውም አብሮ የታወቀ ሆነ። ያ ሜዳ ክፍት ሆኖ ባይቆይ በዓሉ የት ይከበር ነበር?

አሁን በየከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ እየተካሄደ ነው፤ የሐይቁም ዳርቻ ሲነሣ እሰማለሁ። ጥሩ ነው፤ ወንበር፣ መብራት፣ መጸዳጃ ያስፈልጋል። የምለምነው ከከተማዋ ሰሜናዊ መግቢያ በኩል ስላለው ክፍል ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ረግረግ በኮንክሪት እንዳይሸፈን እፈራለሁ። ከወንዙ በላይ ያለው ጨለለቃ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከክፍት ውኃነት ወደ ረግረግነት ተለውጧል፤ ምክንያቱም ከተራቆቱት ተዳፋቶች የሚወርደው ደለል ሞላው። ያንን ደለል የሚያጣራልን የቀረው ይኸው ረግረግና ፊላው ነው። እዚያ መንገድ ካስፈለገ በእንጨት ምሰሶ ከውኃው ከፍ ተደርጎ፣ ፊላው ከሥር እያደገ የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ይበቃል። ሠራተኛውም በቀላሉ ይሠራዋል፣ ሲሰበርም በየጣውላው ይጠገናል፣ ሐይቁ ሲሞላም ውኃው ከሥሩ ያልፋል።