ከጀሪፍ እስከ ቤተ መንግሥቱ፦ የካርቱም የአባይ ዳር ሕንፃዎች

ካርቱም የኖረ ሐበሻ ጀሪፍን ያውቃታል። የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ እንጀራውም፣ የቡናው ጭስም፣ በአማርኛና በትግርኛ የሚጠራራ ጎረቤትም የማይታጣባት ሰፈር ነበረች። ከዚያ ተነስቶ የአባይን ዳር ይዞ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው የከተማዋን አንጋፋ ሕንፃዎች ተራ በተራ ያገኛቸዋል።

ጉብኝቱ መጀመር ያለበት ግን እዚያው ጀሪፍ፣ ወንዙ ዳር ካሉት የጡብ ምድጃዎች ነው። ማንም ከቅርስ አይቆጥራቸውም፤ ሊቆጠሩ ይገባል። በክረምት ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ ደጋ ታጥቦ የወረደው አፈር እዚህ ዳርቻ ላይ ይተኛል። ውሃው ሲጎድል ሠራተኞች ደለሉን ይቆፍሩና ከከብት ፍግ ጋር ያቦኩታል፤ በቅርጽ ከመቱት በኋላ በፀሐይ አድርቀው በእሳት ይተኩሱታል። የካርቱም ቀይ ጡብ ከእኛ ደጋ የሄደ አፈር አለበት። የጉባው ግድብ ከቆመ ወዲህ ግን አብዛኛው ደለል ከግድቡ ጀርባ ይቀራል።

ጡብ እዚያ አገር ረጅም ታሪክ አለው። ከጀሪፍ ወደ ላይ፣ በዚያው በአባይ ዳር፣ የክርስቲያናዊው የአልዋ መንግሥት መዲና የነበረችው ሶባ ፍርስራሽ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትገነባ የሶባ ጡብ እየተፈታ ተጓጉዞላታል።

ቤተ መንግሥቱ የቆመው የማህዲ ተዋጊዎች እ.ኤ.አ. በጥር 1885 እንግሊዛዊውን ጄኔራል ጎርደንን በገደሉበት ስፍራ ነው። አሮጌው ፈርሶ፣ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ኪችነር ከተማዋን ከያዘ በኋላ ከ1899 ጀምሮ እንደገና ተሠራ። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 የነፃ ሱዳን ባንዲራ የተሰቀለውም እዚያው ነው። በአሁኑ ጦርነት ከእጁ ወጥቶ የነበረውን ቤተ መንግሥት የሱዳን ሠራዊት በመጋቢት 2025 መልሶ ሲይዘው ክፉኛ ተጎድቶ አገኘው። በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ደግሞ ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከሁሉ የምትገርመው ሕንፃ ያልሆነችው «መሊክ» ናት። ኪችነር በ1898 ለኦምዱርማን ዘመቻ ያሰለፋት ይህች የጦር ጀልባ ኋላ የጀልባ ክበብ ቤት ሆነች፤ የአባይ ጎርፍም አንስቶ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጣት።

እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም የአስዋን ግድብ ውሃ ሊውጣቸው የነበሩትን የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች በግቢው አስጠልሏል። ከፋራስ ካቴድራል የመጡት የግድግዳ ሥዕሎች የጥንቷን ክርስቲያናዊት ኑብያ ያሳያሉ፤ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሊያያቸው ከሚገቡ ነገሮች ቀዳሚዎቹ ነበሩ። በጦርነቱ ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ ከተወሰዱት መካከል የኩሽ ዘመን ወርቅ ይገኝበታል።