ጠባብ ኮፈን፣ ውድ ሄደር፦ የሆት ሮድ ገዢ ሒሳብ የሚሳሳትበት ቦታ

አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ መልኩን ጠብቆ፣ በውስጡ ግን ሌላ ጉልበተኛ ሞተር ማስገባት በአሜሪካ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ሻጭና ገዢ፣ ፋብሪካና ጋራዥ ያለው ሰፊ ገበያ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ‹‹ሆት ሮድ›› ይባላል። የገዢው የወጪ ቅደም ተከተል ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ መጀመሪያ ሻንሲና አካል፣ ቀጥሎ ሞተርና ካምቢዮ፣ ከዚያ ጎማና ወንበር። ሄደር የሚገዛው መጨረሻ ላይ፣ ኪስ ሲሳሳ ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሄደር በቴስታታው ጎን በብሎን ታስሮ፣ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚወጣውን ጭስ በየራሱ ቱቦ ተቀብሎ፣ ቱቦዎቹን ታች አንድ ቦታ አገናኝቶ ወደ ማርሚታው የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ፋብሪካዎች በዚህ ቦታ ላይ ለረጅም ዘመን ሲያስቀምጡ የኖሩት ከጊዛ የተሠራ ወፍራምና አጭር ማኒፎልድ ነው። ጊዛው ርካሽ ነው፣ ዕድሜም አለው፤ ነገር ግን የአራት ሲሊንደር ጭስ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይጋፋል። ሄደሩ ይህን ግፊያ ያቃልላል። ከዚህም አልፎ በአንዱ ቱቦ በፍጥነት ያለፈው ጭስ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ስለሚተው፣ ተከታዩ ጭስ ተስቦ እንዲወጣ ይረዳል። ማስታወቂያዎች ‹‹የፈረስ ጉልበት ይጨምራል›› የሚሉት ይህን ይዘው ነው፤ ውሸትም አይደለም። ለሆት ሮድ ገዢ ግን ከጉልበት በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ቱቦው በየት በኩል ይለፍ?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው መኪና ነው። በሆት ሮድ ሠሪዎች ዘንድ እንደ እርሱ የሚወደድ ጥቂት ነው። በዚያ ዓመት 65 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 3.6 ሊትር የሆነ ቪ8 ሞተር ይዞ ቀርቦ ነበር። ዛሬ በኮፈኑ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን የሼቭሮሌ ‹‹ስሞል ብሎክ›› ነው። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1955 በ4.3 ሊትር ተጀመረ፤ ጄኔራል ሞተርስ ከነተከታዮቹ 100 ሚሊዮን መሙላቱን ያስታወቀው በ2011 ነው። የምርቱ ብዛት ዋጋውን አወረደው፤ መለዋወጫውም እንደልብ የሚገኝ ሆነ። በፎርድ መኪና ውስጥ የሼቭሮሌ ሞተር መግባቱ የሚያንገበግባቸው ሰዎች አሁንም አሉ። ገበያው ግን አልሰማቸውም።

ችግሩ የወርድ ነው። የ1932ቱ ሻንሲ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይመጣል። በግራ በኩል ከሹፌሩ የሚወርደው የመሪ ዘንግ በሞተሩና በሻንሲው መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የስሞል ብሎኩ የዘይት ፊልትሮም በዚያው በግራ ጀርባ ነው። በቀኝ በኩል ሞተሪኖው ተቀምጧል። ሄደሩ እነዚህን ሁሉ ሳይነካ፣ የካንዴላ ገመድ ሳያቃጥል፣ ካንዴላ መፍቻውም የሚገባበት ቦታ ሳይነፍግ መውረድ አለበት። ቴስታታዎች ካንዴላቸው ቀጥ ያለና ዘመም ያለ እየተባሉ በሁለት ይከፈላሉና፣ ለአንዱ የተሠራ ቱቦ በሌላው ላይ ካንዴላውን ሊጋርደው ይችላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው መሪው ነው። ብዙ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ይመረት ከነበረው ሼቭሮሌ ቬጋ የተወሰደ ወይም እርሱን መስሎ የተሠራ የመሪ ሣጥን ይጠቀማሉ። ሣጥኑ ከፊት በግራው ሻንሲ ላይ ስለሚታሰር ዘንጉ የሞተሩን ጎን ታክኮ ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ የመስታንግ 2 ዓይነት የፊት እግር ከነመሪው ያስገባሉ፤ ያን ጊዜ የዘንጉ መንገድ ይለወጣል። መኪናው ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ነው፤ መሪው በመለየቱ ብቻ ለአንዱ የሚስማማው ሄደር ለሌላው አልገባ ይላል። የሱቁ ካርቶን ላይ ‹‹ለ1932 ፎርድ›› የሚል ጽሑፍ ማየት ታዲያ ግማሽ መልስ ብቻ ነው።

በመደርደሪያው ላይ ገዢውን የሚጠብቁት በጥቅሉ ሦስት ናቸው። ረጅም ቱቦ ያለው ሄደር በከፍተኛ ዙር ላይም ሆነ በመካከለኛው የተሻለ ጉልበት የሚሰጠው ነው፤ በጠባብ ሻንሲ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም፣ ቢገባም ሞተሪኖ ለመፍታት ሄደሩን ማውረድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጎን ለጎን በኮፈኑ ውጭ የሚወርደው ነው፤ ዓይን ይስባል፣ ከመሪው ዘንግም ይርቃል፣ የሚያልፍ ሰው እግር ግን ያቃጥላል። ሦስተኛው ‹‹ብሎክ ሃገር›› የሚሉት ነው፤ ከአገር ጋር ዝምድና የለውም፣ ‹‹ሞተሩን አቃፊ›› ማለት ነው። ቱቦዎቹ አጭር ሆነው የሞተሩን ጎን ተለጥፈው ይወርዳሉ። በጉልበት በኩል ከረጅሙ ያንሳል፤ አንዳንዱ ከጥሩ የጊዛ ማኒፎልድ እምብዛም አይበልጥም። የሚገዛው ስለሚገባ ነው፤ ይህም በቂ ምክንያት ነው።

በቱቦው ስፋት ላይ ገዢዎች ‹‹ትልቅ ይሻላል›› ብለው ያስባሉ። ለመንገድ መኪና ይህ አያዋጣም። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፤ መኪናው በከተማ በሚነዳበት ዝቅተኛ ዙር ላይ የመሳብ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለተራ ስሞል ብሎክ የተለመደው 1 ከ5/8 ኢንች፣ ማለትም 41 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭኑ ቱቦ በጠባብ ቦታ ለማጣመም የሚቀል መሆኑ ደግሞ ለገዢው ምርቃት ነው።

ስለ ሙቀቱ ሻጮች ብዙ አያወሩም። ብረት ሲግል ይረዝማል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ተራ ብረት ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሄደር ሥራ የተለመደው የማይዝግ ብረት ከሆነ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሞተሩም ቢሆን በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ወደ ጎን ይዘማል፤ የሚነሣውም የመሪው ዘንግ ያለበት ግራው ጎን ነው። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ‹‹ወረቀት ታህል ክፍተት አለች›› ተብሎ የተለቀቀ መኪና መንገድ ላይ ቱቦው ዘንጉን ሊመታ ይችላል። እዚህ ላይ ወጪው የገንዘብ ብቻ አይሆንም፤ መሪ ነውና። ከዘንጉ ቢያንስ ግማሽ ኢንች፣ ከፍሬን ቱቦ ደግሞ ከዚያ በላይ መራቅ ይመከራል። በሴራሚክ የተለበጠ ሄደር የኮፈኑን ውስጥ ሙቀት ይቀንሳል፤ ክፍተት ግን አይፈጥርም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው ገዢ መሪውን ሳይለካ በ200 ዶላር ሄደር ገዛ። አልገባም። ተገጥሞ የተቧጨረ ዕቃ ሱቅ በደስታ ስለማይመልስ በ100 ዶላር ሸጠው። በ350 ዶላር ሌላ ገዛ። አሁንም ዘንጉ ሊነካ ስለሆነ አንድ ክሮቼራ ተጨመረ። ሦስት ክሮቼራ ያለው ዘንግ ደግሞ መሐል ላይ ደጋፊ ኩሽኔታ ስለሚፈልግ 150 ዶላር ወጣ። ጋራዡ በሰዓት 100 ዶላር እያስከፈለ 8 ሰዓት ሠራ። ድምሩ 1,400 ዶላር ነው። ሁለተኛው ገዢ ቀድሞ ለክቶ የ500 ዶላር ሄደር ገዛና በ3 ሰዓት አስገጠመ፤ 800 ዶላር። በካርቶኑ ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ ያየ ሰው ግን ቆጣቢው አንደኛው ነው ይላል።

ቀድሞ መለካት ማለት የሞተሩ መቀመጫ ሻንሲው ላይ ሳይበየድ ማለት ነው። ባዶ የሞተር ብሎክና ቴስታታ በቦታው ተንጠልጥሎ፣ የመሪው ዘንግና ሞተሪኖው ታስረው፣ ሄደሩ ይሞከራል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ሞተሩን ወደ ቀኝ አንድ ኢንች ያህል ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ ይህ የኖራ ምልክት ማንቀሳቀስ ያህል ቀላል ነው። ከተበየደ በኋላ ግን መቁረጥና እንደገና መበየድ ነው። ምንም የተዘጋጀ ሄደር የማይስማማ ከሆነ ልክ እንደ ልብስ ስፌት በልክ ይሠራል፤ ለዚህ የቱቦውን መንገድ አስቀድመው በሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች የሚያሳዩ መሣሪያዎች ይሸጣሉ። በልክ የተሠራው ዋጋው የሱቁን ብዙ እጥፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርቬት የመጣው ኤልኤስ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ሞተር ገበያውን በሌላ መንገድ ከፍቶታል። ከተጋጩ ፒክ አፖች የሚነቀለው ስለበዛ ሠሪዎች ወደ እርሱ አዘንብለዋል። የፋብሪካው ማኒፎልድም ከመኪና መኪና ይለያያል፤ የኮርቬቱ፣ የካማሮውና የጭነት መኪናው የጭስ መውጫቸው በተለያየ ቦታ ነው። ያገለገለውን በጥቂት ብር ገዝቶ መሞከር ይቻላልና፣ ቦታ የጠበበበት ሰው ሄደር ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያይ አይጎዳም።

ያልገቡት ሄደሮች ደግሞ ፍላንጃቸው ላይ የብሎን ጭረት ይዘው፣ ውስጣቸው ጭስ ሳያይ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡባቸው የእሑድ ገበያዎች ላይ ይወጣሉ። ሻጩ ‹‹ለ1932 ፎርድ ነው፣ አዲስ ነው›› ይላል። ገዢው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው መሪው የትኛው እንደነበረ ነው።