ሰው የበዛበት ጎራ

ብላክሮክ ተራራ በር ላይ አንዲት ድንክ ተዋጊ ሞታ ወድቃለች። ነፍሷ ከሩቅ መካነ መቃብር ተነስታ፣ ቀለሙ በጠፋ ዓለም ውስጥ እየሮጠች ወደ ሬሳዋ ትመለሳለች። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ሕግ ነፍስ ሬሳዋ አጠገብ ከደረሰች ሕይወት መዝራት ትችላለች። ገዳዮቿ ግን ከቦታው አልተነቃነቁም፤ አሥራ አምስት ሆነው ሬሳዋን ከበው ይጠብቃሉ። ተነሳች፣ ገደሏት። ደግማ ሮጠች፣ ደግመው ገደሏት። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ከሥራ መልስ ለጨዋታ ያገኛት ሁለት ሰዓት በሩጫ አለቀች። ተራራው ውስጥ ባለው ዋሻ አብረውት ሊዋጉ የተቀጣጠሩት ጓደኞቹም እሱን ሲጠብቁ አመሹ።

በኖቬምበር 2019 በብዙ ሰርቨሮች ላይ የዕለት ተዕለት ኑሮ ይህ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የካሊፎርኒያው ብሊዛርድ ኩባንያ በ2004 ያወጣውን ጌም በጥንቱ መልኩ፣ ክላሲክ ብሎ ዳግም የከፈተው በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። በኖቬምበር ጠላት ለገደለ የክብር ነጥብ መስጠት ጀመረ። ሁለቱ ወገኖች በእኩል ቁጥር የሚገጥሙባቸው የተከለሉ የጦር ሜዳዎች ግን እስከ ዲሴምበር አልተከፈቱም። አንድ ወር ገደማ ክብር የሚገኘው መንገድ ላይ ሰው በመግደል ብቻ ሆነ ማለት ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ቁጥር የሚያስተካክል ዳኛ የለም።

ተጫዋቹ ሲጀምር ከሁለት ጎራ አንዱን ይመርጣል። ሰዎች፣ ድንኮችና የሌሊት ኤልፎች ያሉበት አሊያንስ አለ፤ ኦርኮች፣ ትሮሎችና ከሞት የተመለሱ ሙታን ያሉበት ሆርድ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ግንብ ቋንቋን ጭምር ይለያል። አንድ የሆርድ ተጫዋች እየሳቀ ‹ሎል› ብሎ ቢጽፍ፣ አሊያንሱ በስክሪኑ ላይ የሚያነበው ‹ኬክ› የሚል ባዕድ ቃል ነው። አብሮ መዝመትም ሆነ በአንድ ማኅበር መሰባሰብ አይቻልም ነበር። ለውጊያ በተለዩት ሰርቨሮች ላይ ደግሞ አንድ ሰው በሁለቱም ወገን ገጸ ባሕርይ መያዝ አይፈቀድለትም ነበር።

ለእኔ የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። በሰፈር ኳስ ሁለቱ የቡድን አባቶች እየተፈራረቁ ስለሚመርጡ ጎበዙም ሰነፉም ለሁለቱም ይዳረሳል። እዚህ ግን የሚያካፍል የለም፤ ሰው ሁሉ ጓደኛው ወዳለበት ይሄዳል። ከተለያየ እንኳን ማውራት የማይችል ሰው ሌላ ምን ያድርግ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው መልከ መልካም ወደሆኑት የአሊያንስ ዘሮች ያዘነብል ስለነበር፣ ብሊዛርድ በ2007 ደማም ኤልፎችን ለሆርድ ሰጠ። ውጊያ የሚወዱት ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ፦ ኦርክ የሚያደነዝዝ ምት በቀላሉ አይበግረውም፤ ሙታኑ ከፍርሃት አስማት ራሳቸውን ያላቅቃሉ። ስለዚህ በክላሲክ የሆርድ ብልጫ በቁጥር ብቻ አልነበረም። ሰው ለመግደል የሚወጣውም ወደዚያው አድልቶ ነበር።

ትንሽ የሚመስል ልዩነት ሜዳ ላይ ትልቅ የሚሆንበትን ምክንያት ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1916 ባወጣው የአየር ጦርነት መጽሐፉ አስልቶታል። ሁሉም ከሩቅ መተኳኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ወገን ጉልበት የሚለካው የሰው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስድሳ ሰው አርባ ሰው ቢገጥም፣ በችሎታ እኩል ቢሆኑም እንኳ፣ ሒሳቡ 3600 ከ1600 ጋር ይሆናል። አርባዎቹ እስከ መጨረሻው ሰው ሲያልቁ፣ ከስድሳዎቹ 45 ያህሉ ቆመው ይገኛሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ፤ ላንቸስተር ስንት ክር እንደሚያስፈልግ ቆጠረው።

ያቺን ድንክ የሚጫወተው ሰው በማግስቱ የሚያደርገውን መገመት አይከብድም። ሰርቨር ይቀይራል፣ አለዚያም ጎራ ይቀይራል፣ ወይ ጨርሶ ይተወዋል። እሱ ሲሄድ አርባዎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ፤ የሚቀጥለው ሰው የመሄጃ ምክንያቱ በዚያው ልክ ጨመረ። ማንም አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ ለራሱ የሚበጀውን አደረገ። በዚህ መንገድ አንዳንድ ሰርቨሮች ከሞላ ጎደል የአንድ ወገን ብቻ ሆነው ቀሩ።

አሸናፊውም አልተጠቀመም። የሆርድ ተጫዋች ወደ ተከለለው ጦር ሜዳ ለመግባት ረጅም ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ አሊያንሱ ግን እንደ ተመዘገበ ይገባ ነበር። በ2021 ብሊዛርድ ሆርድን ከሆርድ ጋር እስከ ማጋጠም ደረሰ። ጠላት ያለቀበት ጦር ከራሱ ወንድም ጋር ተሰለፈ።

ኩባንያው ዝም ብሎ አልተመለከተም። በ2008 በመጣው ዊንተርግራስፕ በተባለው የበረዶ ሜዳ ላይ፣ በቁጥር ላነሰው ወገን ተጨማሪ ጤናና ጉልበት ይሰጠው ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን አንድ ግዙፍ ሰው ሦስት ግንብ ባንዴ አይጠብቅም። በ2015 ወረፋ የረዘመበት ሰው ቅጥረኛ ሆኖ ለጠላት ወገን እንዲዋጋ ተፈቀደለት። በ2018 ደግሞ ውጊያን በፈቃድ አደረጉትና ለሚያንሰው ወገን ጉርሻውን ከፍ አደረጉ። ጉርሻ ሰውን ለአንድ ሳምንት ይስባል፤ ጓደኛውን ግን ከዚያኛው ጎራ አያመጣለትም።

ከሁሉ የሚማርከኝ መፍትሔ ከወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በፊት የተሠራ ነው። በ2001 የወጣው ዳርክ ኤጅ ኦፍ ካሜሎት የተባለ ጨዋታ ሦስት መንግሥታት ነበሩት፦ አልቢየን፣ ሚድጋርድና ሂበርኒያ። አንዱ ሲያይል ሁለቱ ደካሞች ሳይነጋገሩ እንኳ ፊታቸውን ወደ ኃያሉ ያዞራሉ፤ ሚዛኑን የሚጠብቁት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ማት ፋይረር በ2014 የወጣውን ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ሲመራ፣ በዚያም ሦስት ጎራ ቆመ። ፍጹም አይደለም። አብዛኛው ሰው ሲተኛ የሚነቁት ወገኖች ባዶ ግንብ ይወስዳሉ፤ ይህን ሦስተኛ ጎራ አያድነውም። ቢሆንም ከጉርሻው ይሻላል፣ የሰውን ባሕርይ አይታገልምና።

በ2023 ብሊዛርድ ሲዝን ኦፍ ዲስከቨሪ የተባለውን ዙር ሲከፍት፣ ጠንከር ያለ እርምጃ ወሰደ። በውጊያ ሰርቨሮቹ ላይ አንዱ ጎራ ሲበዛ በዚያ ወገን አዲስ ገጸ ባሕርይ መፍጠር እንዲዘጋ ወሰነ። ትክክል ይመስለኛል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከሥራ የመጣ ሰው ይከፍታል፣ ኦርክ ይመርጣል፣ ምርጫው ተዘግቶ ያገኘዋል። ሦስቱ ጓደኞቹ ትናንት ገብተዋል፤ ወይ እነሱ ይወጣሉ፣ ወይ እሱ ድንክ ሆኖ ይገባና በተራራው በር ላይ ይገናኛሉ።